ዲፕሎማ ከሆኑ ወደ ክፍል አምስት ይለፉ

አሶሳ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ዓብዱልላጢፍ፣
ማሌዥያ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።

እኔ ኢኽላስ ዋሊድ፣ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት የሆነ፣ አእምሮዬ የተሟላ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያስፈራራኝ፣ የሚከተለውን ጥፋት በገዛ እጄ መፈጸሜን በታላቅ ትሕትና አምናለሁ፦ ለዶክትሬት ጥናትዎ ከላኳቸው ሰማንያ አራት መጠይቆች በአንዱ ላይ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ያልተጠየቀውን መልሻለሁ። እስክሪብቶውም የእናቴ ነው።

እማ «አጎትሽ ትልቅ ሰው ሆኗል፣ እርስዎ ብለሽ ጻፊለት» ብላኛለች። ከላይ እንዳየኸው አንድ አንቀጽ ሞክሬአለሁ፤ ይበቃል። ትከሻው ላይ ቁጭ ብዬ ማንጎ የቀጠፍኩበትን ሰው እርስዎ ማለት አፌን ይይዘኛል። አያቴ ሐመድ ደግሞ ሰላምታው ይርዘም ብሏል። «የወንድሜ ልጅ ነው፣ በአጭሩ ሰላም አይባልም፤ ስለ ጤናው፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ሚስቱ፣ ስለ ሚስቱ እንቅልፍ ጠይቂው» አለኝ። እነሆ ጠይቄሃለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ፍየሎቹም ደህና ናቸው። የአያቴ ጉልበት ብቻ ደህና አይደለም፤ እሱም ሥራ ሲነሣ ነው የሚብስበት።

አሁን ወደ ወንጀሉ።

መጠይቅህ በቴሌግራም ከነደብዳቤ ቁጥሩ ደረሰን። ለገዛ አጎቱ ልጅ ሲጽፍ «ቁጥር፦ ዓ/005/24» ብሎ የሚጀምር ሰው በዚህ ዓለም አንተ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። እማ ግን ደስ ነው ያላት። «ላጢፍ እኔን አመነ» እያለች ፎቶ ኮፒ አስነሣች፣ ለአምስት ጤና ጣቢያ በተነችው። የቶንጎው ጤና ጣቢያ ድርሻ በጭነት መኪና ሾፌር እጅ ሄዶ የሞተር ዘይት ጠጥቶ ተመለሰ። ርዕሱን፣ «የነርሶች የትምህርት ደረጃ በምርምር ተሳትፏቸው ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚለውን፣ አያቴ ሦስቴ አስነበበኝና «ይህን ለማወቅ ባሕር መሻገር ግድ ነበር?» አለ።

ዓርብ ከሰዓት እማ የራሷን ልትሞላ ተቀመጠች። እኔ አጠገቧ ሒሳብ የምሠራ መስዬ አያታለሁ። ዕድሜ፣ አርባ። የሥራ ዘመን፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት። አራተኛው ጥያቄ የትምህርት ደረጃ ነው። ሦስት ሣጥን አለ፤ ከዲፕሎማው ጎን በቅንፍ «ዲፕሎማ ከሆኑ ወደ ክፍል አምስት ይለፉ» ይላል። ክፍል አምስትን ፈለገች። የመጨረሻው ገጽ ላይ አገኘችው። «ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» ይላል።

መሃል የቀሩት ሠላሳ ስድስት ጥያቄዎች ናቸው። ሁሉም ስለ ምርምር። በአውራ ጣቷ ጠርር አድርጋ አሳለፈቻቸው።

«ጨረስኩ» አለች።

«በሁለት ደቂቃ?»

«ዲፕሎማ ነኝ አይደል።»

እንደ ቀልድ ነው ያለችው። ግን ወረቀቱን አጠፈችው፣ ፈታችው፣ ደግሞ አጠፈችው። የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ወንድምአገኝ ደግሞ ባለ ዲግሪ ስለሆነ ሙሉውን ሲሞላ አንድ ቀን ተኩል ፈጅቶበታል። «ጥናታዊ ጽሑፍ አንብበው ያውቃሉ?» የሚለውን «በልቤ አዎ» ብሎ ነው የመለሰው። በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለዚህ እማ ወደ ሱቅ ስትወጣ ወረቀቷን ከፈትኩ። አሥራ አንደኛው ጥያቄ «ባለፉት አምስት ዓመታት ከሥራዎ የመነጨ ጥያቄ አንሥተው መልሱን ለማግኘት መረጃ ሰብስበው ያውቃሉ?» ይላል። «አዎ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። ደብተሮቹ መሳቢያ ውስጥ ናቸው» ብዬ ሞላሁ። የቀረውንም እንደዚሁ። ከዚያ ከሌሎቹ ጋር አብሬ ላክሁት።

ድንገት አግኝተኸው እንዳትደነግጥ ብዬ ነው የነገርኩህ። ንስሐ ግን አልገባሁም።

እንቅልፍህንና የሚስትህን እንቅልፍ አላህ ያጣፍጥላችሁ።

ጥፋተኛዋ ኢኽላስ

* * *

ኩዋላ ሉምፑር፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2024

ለልጄ ኢኽላስ፣

የአላህ ሰላም፣ እዝነትና በረከት በአንቺ፣ በእናትሽ፣ በአባትሽ በዋሊድና በአጎቴ በሐመድ ላይ ይሁን። እኔና ባለቤቴ በጥሩ ጤንነት ላይ እንገኛለን። እንቅልፍም እንተኛለን።

ደብዳቤሽን በጥንቃቄ አንብቤዋለሁ። የፈጸምሽው ድርጊት በምርምር ዓለም መረጃ መበረዝ ይባላል፤ ቀላል ነገር አይደለም። በዚህ ምክንያት መጠይቅ ቁጥር 47ን ውድቅ ለማድረግ ተገድጃለሁ።

የማሳለፊያ ትእዛዙን በሚመለከት፣ በዘፈቀደ የተደረገ አለመሆኑን ላስረዳሽ እወዳለሁ። የዲፕሎማ ነርሶች በትምህርታቸው የምርምር ዘዴ ኮርስ አይወስዱም። ስለሆነም ስለ ምርምር መጠየቃቸው ጊዜያቸውን ማባከን ነው። ይህንን ያደረግሁት ለእነሱ በማሰብ ነው።

ለትምህርትሽ ትኩረት ስጪ። የአጎቴን ጉልበት በሞቀ ውኃ እሹለት።

አጎትሽ ዓብዱልላጢፍ

ተጨማሪ፦ ደብተሮች ያልሽው የምን ደብተሮች ናቸው? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

* * *

አሶሳ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእነሱ አስቦ ለሚያሳልፋቸው አጎቴ፣

ወዓለይኩም ሰላም። የጠየቅከው ሁሉ ደህና ነው። አባቴ ለንግድ ኩርሙክ ነው፤ መንገዱ ካልፈረሰ በሳምንቱ ይመጣል፣ ከፈረሰም «ሁለተኛ አልሄድም» ብሎ ይምላል።

ደብዳቤህን ለአያቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «ውድቅ» የሚለው ጋ ስደርስ አስቆመኝ።

«ምን ማለት ነው?»

«ጣለው ማለት ነው።»

«ልጄን ሰዕዲያን ጣላት?»

«ወረቀቷን ነው፣ አያቴ።»

ተነሥቶ ወደ በረቱ ሄደ። አያቴ ሲቆጣ ታውቀዋለህ፣ ፍየሎቹ እንኳ ይጨነቃሉ።

የምን ደብተር ላልከው ደስ ብሎኝ እመልሳለሁ። በጤና ጣቢያው ትልቁ መዝገብ ላይ፣ ልጇን ለሁለተኛው ዙር ክትባት መልሳ ያላመጣች እናት ስሟ ጎን «ያቋረጠች» ተብሎ ይጻፋል። ከታኅሣሥ ጀምሮ ያቋረጡት እንደ ጉንዳን ይበዛሉ። አቶ ወንድምአገኝም በየዓመቱ ለስብሰባ «ምክንያቱ የግንዛቤ እጥረት ነው» ብሎ ሪፖርት ያቀርባል። ለሱ ሁሉም ነገር የግንዛቤ እጥረት ነው። ጄኔሬተሩ አልነሣ ሲል እንኳ ለጥበቃው እንደዚያ ብሎታል።

እማ ግን ሴቶቹን ታውቃቸዋለች። አላቋረጡም። ወርቅ ወርደዋል። እህሉ ከገባ በኋላ ልጃቸውን አዝለው ወደ ወንዙ ይወርዱና ዝናብ እስኪመለስ አሸዋ ሲያጥቡ ይከርማሉ። አንተም በእናትህ ጀርባ ወርደህ እንደነበር አያቴ ነግሮኛል፤ በመዝገቡ ቋንቋ አንተም ያቋረጥክ ነህ። ስለዚህ እማ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የራሷን ደብተር ገዛችና ከእያንዳንዷ ስም ፊት ለፊት መጻፍ ጀመረች፤ የት ወረደች፣ ከማን ጋር፣ መቼ ትመለሳለች። በሁለተኛው ዓመት አንድ ነገር ታያት። ሁሉም በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በገበያ ቀን፣ ያጠቡትን ሊያስመዝኑ ይወጣሉ። የክትባቱ ቀን ደግሞ ሐሙስ ነው። ሐሙስ ሁሉም ወንዝ ውስጥ ናቸው።

ሐሙስን ሳትተው፣ የክትባት ሣጥኗን ይዛ በገበያ ቀን ደግሞ ከወርቅ መዛኙ ዳስ አጠገብ ተቀመጠች። እዚያ ወርቁ ይመዘናል፣ እዚህ ልጁ ይመዘናል። አቶ ወንድምአገኝ የመጀመሪያ ቀን ደርሶባት እንዲህ ተባባሉ፤ እኔም ሣጥን ተሸካሚ ሆኜ ሰምቻለሁ።

«ሲስተር፣ ምን እያደረግሽ ነው እዚህ?»

«እየጠየቅኩ።»

«ምኑን?»

«ይመጡ እንደሆነ።»

«እንዲህ ላለው ነገር እኮ ፕሮፖዛል ያስፈልጋል!»

«አንተ ፕሮፖዛሉን ጻፍ፣ እኔ እስከዚያ ልክተብ።»

መጡ። እስከ ዛሬም ይመጣሉ። ስንቱ እንደመጣ፣ ስንቱ እንደቀረና ለምን እንደቀረ ሁሉ ተጽፏል። አሁን ሦስተኛ ደብተር ላይ ናት።

ይህ ምርምር ካልሆነ ምንድን ነው? ሁለተኛ ጥያቄ፦ ከሰማንያ አራቱ ስንቱ ዲፕሎማ ነው? ሦስተኛ፦ እለፉ ብለህ ያሳለፍካቸውን ሰዎች ነው «ምርምር አይሠሩም» ብለህ የምትጽፈው? ከእኔና ከአንተ ማን ነው መረጃ የበረዘ?

በሞቀ ውኃ እሹ ያልከውን ለአያቴ ነግሬው «ዶክተር ለመሆን ስንት ዓመት ቀረው?» ብሏል።

መልስ ጠባቂዋ ኢኽላስ

* * *

አሶሳ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣ ሰላም ነህ? ወር አለፈ። በቴሌግራም የላክሁልህ ፎቶ ሥር ሁለት ምልክት ስላየሁ ማንበብህን አውቃለሁ። ጥያቄዎቹ ከበዱህ ወይስ አንተም ወደ ክፍል አምስት አለፍክ?

ኢ.

* * *

ኩዋላ ሉምፑር፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 2025

እጅግ ለምወድሽ ልጄ ኢኽላስ፣

የአላህ ሰላም እንደ ዝናብ ይውረድባችሁ። ለአጎቴ ለሐመድ ዕድሜና ጤና፣ ለእህቴ ለሰዕዲያ ብርታት፣ ለዋሊድ ደልዳላ መንገድ፣ ለአንቺም የፈተና ቀናነት እመኛለሁ። መልስ በመዘግየቱ ይቅርታሽን እጠይቃለሁ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ስለ ደብተሮቹ የጻፍሽው ስቦኛል። ለአማካሪዬ ጠቀስኩላት፤ እሷም በጣም ጓጓች። አንድ ነገር ልለምንሽ። የሦስቱንም ደብተሮች ገጾች አንድም ሳይቀር በስልክ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። ጥርት ብለው ይነሡ፤ በተለይ የስምና የቦታ ረድፎቹ እንዳይቆረጡ። ይህ ለሳይንስ ትልቅ አስተዋጽኦ ነው። የእናትሽንም ስም በምስጋናው ገጽ ላይ አሰፍራለሁ።

እህቴ ስለ እኔ ምን ትላለች? አንዳንዴ ታነሣኛለች?

አጎትሽ ላጢፍ

* * *

አሶሳ፣ ጥር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

በድንገት «ላጢፍ» ለሆነው አጎቴ፣

ሰላምታህ አምሮ ነበር። አያቴ «ምን ፈለገ?» አለ፣ ገና ልመናው ጋ ሳልደርስ። አርባ ዓመት ፍየል የገዛና የሸጠ ሰው ከሰላምታ ርዝመት ያውቃል።

ልመናህን ለእማ አነበብኩላት። የሥራ ጋዋኗን እያጠበች ነበር።

«ስንት ገጽ ነው የሚፈልገው?»

«ሁሉንም። ስማቸውና ቦታው እንዳይቆረጥ ብሏል።»

እጇን ከአረፋው አወጣች። «ማን የትኛው ወንዝ ላይ እንደምታጥብ ተጽፎበታል፣ ኢኽላስ። ያንን ሴት ለገዛ ጎረቤቷ አትነግርም። ለእኔ የነገሩኝ ለማንም አልናገርም ብዬ ስለማልኩላቸው ነው።»

«ለሳይንስ ነው ይላል።»

«ሴቶቹን ጠይቋቸዋል?»

«እንዴት አድርጎ?»

«እንግዲያው አይሆንም።» ወደ ጋዋኗ ተመለሰች።

አጎቴ፣ መጠይቅህን እንደገና አየሁት። ሃያ ሰባተኛው ጥያቄ «የመረጃ ሰጪዎችን ምስጢር የመጠበቅን የምርምር ሥነ ምግባር ያውቃሉ?» ይላል። እማ አልመለሰችውም። አሳልፈሃታል። አንተ ግን የምትመልሰው ይመስለኛል፣ ባለ ማስተርስ ነህ።

ምስጋናው ገጽ ያልከውንም እንተወው። ለመጋረጃ ሰፊም ምስጋና ይጻፋል።

ታነሣኛለች ወይ ላልከው፣ አታነሣህም። ያ ገረመኝና አያቴን ጠየቅሁት። «አያቴ፣ እማ ለምን ዲግሪ አልተማረችም?» አልኩት። መጀመሪያ ጉልበቱን አመመው። ሁለተኛ ስጠይቀው ፍየሎቹን ሊያይ ተነሣ። ተከትዬው በረት ድረስ ሄድኩ።

ሁለታችሁም ከአንድ ኮሌጅ በአንድ ቀን ተመረቃችሁ። በ2000 ዓ.ም. ለዲግሪ አንድ ቦታ መጣ፣ ስሟም ወጣላት። እሷ ደግሞ ስድስተኛ ወሯን ይዛ ነበር። «ለሌላ ዓመት ይቆይሽ» ተባለች። ቦታውን አንተ ወሰድክ። ሌላው ዓመት እስካሁን አልመጣም።

ሆዷ ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ። የእናቴ የመጀመሪያ «ወደ ክፍል አምስት ይለፉ» እኔው ነኝ ማለት ነው። ይህን ሳስብ መጀመሪያ አፈርኩ። ቀጥሎ ተናደድኩ። መናደዱ ይሻላል፤ ቢያንስ ያሠራል።

ሌላ ወሬ ላጫውትህ። በሚያዝያ መጨረሻ እዚህ ከተማ የጤና ጥናት ጉባኤ ይደረጋል። አቶ ወንድምአገኝ ማስታወቂያውን ይዞ ወደ እማ ክፍል ገባ። አያቴ ደም ግፊቱን ሊለካ፣ እኔም ልደግፈው ሄደን እዚያው ነበርን።

«ሲስተር ሰዕዲያ፣ ያንን ደብተርሽን ስጪኝና በእኔ ስም ላቅርበው። ፎርሙ ዲግሪና ከዚያ በላይ ነው የሚለው። መጨረሻ ላይ ስምሽን ጠርተን እናመሰግናለን።»

አያቴ በአማርኛ ሲናገር ወንድና ሴት አይለይም፤ ያን ቀን ግን አውቆ ያደረገው መሰለኝ። «አንቺ ወንድምአገኝ፣ የራስሽ ደብተር የለሽም?»

እማ ሳቋን ዋጠች። «ደብተሩ ከዚህ አይወጣም» አለችው።

ከወጣ በኋላ «ታዲያ አንቺ ለምን አታቀርቢውም?» አልኳት።

«ማን ይሰማኛል? ሥራ አለብኝ።»

ሥራ እንዳለባት አውቃለሁ። «ማን ይሰማኛል» ያለችው ነው ያልተዋጠልኝ። ደብተሩ ወይ በሌላ ሰው ስም ይወጣል ወይ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ ሦስተኛ መንገድ የለም ብላ አምናለች። እኔ አላመንኩም። ምን ይሻላል? አንተ የተማርክ ነህ፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ ጥቀመን።

ኢኽላስ

* * *

ኩዋላ ሉምፑር፣ ጃንዋሪ 27 ቀን 2025

ለኢኽላስ፣

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን።

የእንደዚህ ዓይነት ጉባኤዎችን ፎርም አውቀዋለሁ። በዲፕሎማ አያልፍም። የእኔ ስም ይቅደም፣ የሰዕዲያ ይከተል። ሌላ መንገድ የለም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።

ፎቶዎቹን መላክ አያስፈልግም።

ስለ 2000 ዓ.ም. የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ።

ዓብዱልላጢፍ

* * *

አሶሳ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣ ሰላም ለአንተና ለቤትህ።

አይሆንም።

ሕጉን አላወጣህም፣ እሺ። መጠይቁን ግን ማን አወጣው? አንተ ሕጉን መጠይቅህ ላይ ስላሰፈርከው፣ ጉባኤው ስለተቀበለው፣ አቶ ወንድምአገኝ ስለሸመደደው፣ እማም ሰልችቷት ስላመነችው፤ ሁላችሁም «እኔ አይደለሁም» እያላችሁ ነው ሕግ የሆነው። እኔ ገና አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ፣ ዲፕሎማ እንኳ የለኝም። ስለዚህ የማፈርበት የለኝም።

ያደረግሁትን ልንገርህ። ለእማ «ለትምህርት ቤት የቡድን ሥራ፣ ቁጥሮቹን ብቻ ስጪኝ» አልኳት። ቁጥሮቹን ያውም ሳትነጫነጭ ሰጠችኝ፤ ስም ያለበትን ረድፍ በካርቶን ሸፍና እያስነበበችኝ ሦስት ቅዳሜ ፈጀን። የቡድን ሥራ የለም። ይህ ሁለተኛ ወንጀሌ ነው። ከቁጥሮቹ ጋር እሷ በየጊዜው የምትለውን አክዬ አንድ ገጽ ጻፍኩ። አጥኚ፦ ሰዕዲያ ሐመድ። ብቻዋን።

ከዚያ ፎርሙን ይዤ ወደ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ጸሐፊዋ ሰብለወንጌል የምትባል መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ ሴት ናት። ግንባሯን አሳየኋት፤ በዚያ ተግባባን። ፎርሙን አነበበች።

«ይህ ሣጥን ከየት መጣ?»

«የቱ?»

«ዲፕሎማ የሚለው። እኛ ሦስት ሣጥን ነው ያሳተምነው።»

«አራተኛውን እኔ አሠመርኩት። በማስመሪያ ነው፣ አይታይም።»

«ይታያል እንጂ! ደግሞም ምልክት አድርገሽበታል።»

«ምልክት ካላደረግኩበት ለምን አሠምረዋለሁ?»

አየችኝ። ሰዓቱን አየች። ከበስተኋላዬ አንድ ባለ ከረባት ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስሚ» አለችኝ፣ «የእኔ ሥራ መቀበል ነው። መጣል የእነሱ ሥራ ነው። እነሱ የሚጥሉትን እኔ ቀድሜ ከጣልኩላቸው ለምን ይከፈላቸዋል?» ማኅተሙን ደህና አድርጋ መታችበት።

ስለዚህ ገብቷል። እማ አታውቅም። ከጣሉት አልነግራትም፤ ከተቀበሉት ምን እንደምላት አላውቅም። ብትቆጣና «አላቀርብም» ብትልስ? ያን ጊዜ በሰው ሁሉ ፊት ያዋረድኳት እኔ ልሆን ነው። ይህን ለአንተ ብቻ ነው የምናገረው፤ ሩቅ ስለሆንክ።

ኢኽላስ

* * *

ኩዋላ ሉምፑር፣ ኤፕሪል 15 ቀን 2025

ኢኽላስ ልጄ፣

አሰላሙ ዓለይኪ። ሰባት ሳምንት ዝም አልኩሽ። ሦስት ደብዳቤ ጀምሬ ሦስቱንም ቀድጃለሁ። ይህ አራተኛው ነው፤ ሳላስብ እንድጨርሰው ጸልዪልኝ።

ጥያቄሽን ቆጠርኩት። ከሰማንያ አራቱ ሃምሳ ዘጠኙ ዲፕሎማ ናቸው። ሃምሳ ዘጠኙን አሳልፌ፣ ከዚያ ሠንጠረዥ ሁለት ላይ «የዲፕሎማ ነርሶች የምርምር ተሳትፎ፦ ዜሮ» ብዬ ጽፌ ነበር። አማካሪዬ በጣም ወደደችው። እንዲህ ንጹሕ ውጤት አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። እኔም ኮርቼ ለባለቤቴ አሳየኋት።

ባለፈው ሳምንት ሄጄ ሠንጠረዡ ሐሰት ነው አልኳት። ያላየሁትን ነው ዜሮ ያልኩት አልኳት። ሰማችኝና «አንድ ዓመት ወደ ኋላ ትመለሳለህ» አለች። እመለሳለሁ። አዲስ መጠይቅ እየጻፍኩ ነው፤ ማሳለፊያ የለበትም። ቁጥር 47ንም ከተጣለበት አውጥቼዋለሁ፤ ሰዕዲያ በገዛ እጇ እንድትሞላው ባዶውን እልካለሁ። አንቺ እስክሪብቶ ይዘሽ እንዳትጠጊ።

በኮሌጅ ሰዕዲያ ከክፍሉ ሁለተኛ ነበረች። እኔ አሥራ ሰባተኛ። ቦታውን ስወስድ «በሚቀጥለው ዓመት አንቺ ትሄጃለሽ፣ እኔ እታገልልሻለሁ» ብያት ነበር። አልታገልኩም። ማመልከቻ እንኳ አልጻፍኩም። ከተመረቅሁ በኋላ ባገኘኋት ቁጥር ስለ አየር ሁኔታ ነበር የማወራት። መጠይቁን ስጽፍ ያንን ቅንፍ ለምን እንዳስገባሁት ራሴን ጠይቄአለሁ። ዲፕሎማ የያዙ ሰዎች ባይጠየቁ ለማን እንደሚቀለው ይገባኛል።

ለእሷ በቀጥታ መጻፍ እፈልጋለሁ። እንዴት እንደሚጀመር ጠፍቶኛል።

ላጢፍ

* * *

አሶሳ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ ላጢፍ፣

ወዓለይከ ሰላም ወረህመቱላህ። በደብዳቤ ቁጥር እንዳትጀምር እንጂ እንዴትም ብትጀምር ታነበዋለች። ስለ አየር ሁኔታም እንዳትጽፍ። ዝናቡ ጀምሯል፣ እኛው እናየዋለን፤ ሴቶቹም ከወንዙ እየወጡ ነው። አንድ ዓመት ወደ ኋላ መመለስህን ለአያቴ ስነግረው ብዙ አሰበና «አሁን ሰላምታውን አሳጥሪለት፣ ሥራ ላይ ነው» አለ። ከአያቴ አፍ ይህ ምርቃት ነው።

አሁን በፍጥነት ነው የምጽፍልህ፣ ምክንያቱም ጉዱ ዛሬ ፈነዳ።

የጉባኤው መርሐ ግብር ወጣ። ይዞት የመጣው አቶ ወንድምአገኝ ራሱ ነው፣ በሞተር፣ በጭቃው ውስጥ፣ እየሮጠ ማለት ይቻላል። በር ላይ እኔ ነኝ የተቀበልኩት።

«እናትሽ ይህን ሳትነግረኝ?» አለኝ።

«እሷም አልተነገራትም» አልኩት።

ጭቃውን ከጫማው አራገፈ። ቀጥሎ ምን እንዳለ ታውቃለህ? «ሦስተኛ ላይ ነው ያስቀመጧት። ከምሳ በፊት። ጥሩ ሰዓት ነው፣ ሰው አይተኛም።» የእሱ ስም የለበትም፣ እሱም ያንን አላነሣም። ሰውዬው ሰው ሊሆን ነው መሰለኝ።

ወረቀቱ ላይ «ወርቅ የወረዱ እናቶችን በገበያ ቀን መከተብ፤ አጥኚ፦ ሲስተር ሰዕዲያ ሐመድ፣ ዲፕሎማ» ይላል። አሳጥረው፣ ደብቀው፣ በነጥብ ተክተው አላለፉትም። ዲፕሎማ ብለው አትመውታል። ጀርባው ላይ የጻፍኩት ገጽ ሙሉውን አለ።

ለእማ ሰጠኋትና ወደ ውስጥ ገብቼ በሩን ገርበብ አድርጌ ይህን ልጽፍልህ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው፤ የጽሑፌን ነገር ይቅር በለኝ። እሷ ደጅ ከአያቴ ጋር ተቀምጣለች። በስንጥቁ አያታለሁ።

አንብባ ጨርሳለች። አጠፈችው፣ ፈታችው። አጎቴ፣ ያለ እሷ ፈቃድ ስሟን አውጥቻለሁ፤ ሴቶቹን ጠይቋቸዋል ወይ ያለችህ ሴት ናት እሷ፣ እኔ ደግሞ እሷን አልጠየቅኋትም። አሁን ወረቀቱን ቀዳ ብትጥለው ምንም የምመልሰው የለኝም። ደብተሩም ተመልሶ መሳቢያ ይገባል፣ ከእንግዲህም ማንም አያወጣውም።

ገለበጠችው። ጀርባውን እያነበበች ነው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

ተነሣች። ወደ ክፍሏ ገባች። መሳቢያው ተከፈተ። ደብተሮቹን ይዛ ወጣች፣ ሦስቱንም።

«ቀኑ መቼ ነው የሚለው?» አለችው አያቴን፣ እሱ ማንበብ ይችል ይመስል። ራሷ አየችው። «ሐሙስ? ሐሙስ እኮ የክትባት ቀን ነው! በጠዋት ከትቤ ነው የምደርሰው። ይጠብቁኝ።»

ሰማህ? ይጠብቁኝ አለች። ላጢፍ፣ ይጠብቁኝ አለች!

ቆይ። በጣቷ እየቆጠረች ነው። የሁለተኛውን ደብተር ገጽ ትገልጣለች፣ ወረቀቱን ታያለች፣ እንደገና ትቆጥራለች። ቀይ እስክሪብቶ አወጣች። ኧረ ምን አገኘች?

«ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ልጆች? ማን ነው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ያለው? ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ናቸው! መንታዎቹን አንድ ልጅ አድርጋ ቆጥራብኛለች! ይህን ይዤ ነው ሰው ፊት የምቆመው?»

እየመጣች ነው። በሩ —

«ኢኽላስ!»